የኋላው ወንበር ክብደት

«እማዬ መኪናው ውስጥ ከኋላ ከተቀመጠች ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላዋል። ነገ እሷ በታክሲ ብትመጣ ነው የሚሻለው» ሲል ልጇን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሷ መታጠቢያ ቤት ፎጣ እየጨመቀች፣ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ማድቤት ውስጥ ከሚስቱ ጋር ሻይ እየጠጣ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ስስ ግድግዳ ጣሪያው ሥር ለእንፋሎት መውጫ የተተወ ክፍተት አለው፤ በዚያ በኩል የሽንኩርት ሽታም ሹክሹክታም እንደ ልቡ ይመላለሳል። «ቀስ በል እንጂ፣ ይሰሙሃል» አለች ሚስቱ። «ብትሰማስ? ራሷ ወፍራም ነኝ ትል የለ እንዴ?» አለ። ከዚያ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ተሰማ።

የማሙሽ እናት ፎጣውን እንደያዘች አፏን ዘግታ ሳቀች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው፣ የማሙሽ እናት እያለ፤ ማሙሽ ግን ዛሬ ፂሙን የሚላጭ፣ ከፊት ፀጉሩ መሸሽ የጀመረ፣ ትዳር የያዘ ጎልማሳ ነው። ዘጠኝ ወር በሆዴ፣ ሁለት ዓመት በጀርባዬ ተሸክሜው አሁን ከበድሽኝ ይለኛል እንዴ ብላ ነው የሳቀችው። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዕድሜዋን ሙሉ ደርባባ ሴት ነበረች፤ በር ላይ ስትቆም በሩ የሚሞላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰው የምታስነሳ ዓይነት። አሁን ከሰፊው ሹራቧ ሥር ያለው ቀሚስ ግን ቤቱ ባዶ በሆነ ሰዓት ደጋግማ ያጠበበችው ነው። ሆቴል ቤት የአንሶላና የመጋረጃ ክፍል ስትሠራ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብስ ወገብ ሰው ሳያውቅ ማስገባት ለእሷ ቀላል ነው። በየቀኑ የሚያይ ዓይን ደግሞ የሚያየውን አይመዝንም። ልጇ ማለዳ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ምራቷ አንድ ጊዜ «እማማ፣ ፊትዎ አነሰብኝ» ብላት «ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ ነው» ብላ አሳልፋታለች።

ሐኪም ቤት የሄደችው ለብቻዋ ነው፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ብላ። ትናንት ውጤቱን ልትሰማ ስትገባ ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን አየች፣ እሷን አየች፣ እስክሪብቶዋን ከደነችና «እናቴ፣ ሰኞ ልጅዎን ይዘው ይምጡ» አለቻት። ሰኞ ልጄ ሥራ ነው፣ ለእኔው ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ ብትላትም ሐኪሟ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ጥላ «ሰው ይዘው ይምጡ» ብላ ደገመችው። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ንግግር ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ባሏ ታሞ ሳለ ሰው ይዘህ ና ሲባል ይዞት የሄደው ሰው እሷ ነበረች። ያን ቀን ሐኪሙ ለእሷ ነው የተናገረው፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ መስኮቱን ያይ ነበር።

ማታውኑ ልትነግራቸው አስባ ነበር። እራት ላይ ግን ወሬው ሁሉ ስለ እሑድ ሆነ፤ የምራቷ ወላጆች ከከተማው ዳር አዲስ ቤት ገብተው ሦስቱንም ጠርተዋቸዋል፣ ምራቷም እናቷ ለመጋረጃ የመረጠችውን ቀለም እያሽሟጠጠች ስትስቅ አመሸች። በዚያ ሳቅ መሀል እንዲህ ያለ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አልተገኘም። ጠዋት እነግረዋለሁ ብላ ተኛች፤ ጠዋት ደግሞ ይኸው፣ ከበድሽኝ ሲል ሰማችው።

መኪናዋ ያገለገለች ትንሽ መኪና ናት። ማሙሽ ማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛ ነው፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ከተማውን አቋርጦ በየቀኑ የሚነዳት እሷኑ ነው። እንደገዛት መጀመሪያ ያደረገው ነገር የአራቱንም እግር ሞላ፣ መኪናዋን የሚሸከመውን ጥምዝም ብረት፣ አስቆርጦ ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ነበር። ሰው ሁሉ መኪናውን ከጉድጓድ ከፍ ለማድረግ ሲጨነቅ የእሷ ልጅ ለምን ወደ ጉድጓድ እንደሚያወርዳት ገብቷት አያውቅም። ጎረቤቶችም አልማሩትም፤ አንዱ «ጉንዳን ገጭተህ እንዳትከሰስ» ይለዋል፣ አንዱ «መንገዱን እየነዳህበት ነው ወይስ እየጠረግከው?» ይለዋል። እሷ ግን በሰው ፊት ትከራከርለት ነበር፤ «በገዛ መኪናው ቢፈልግ ይንበርከክበት፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላ። የተቆረጠው ሞላ ግን ክብደት አይችልም። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ መኪናዋ ትዘፈዘፍና ጎማው ከላይ የሚከድነውን ቆርቆሮ፣ እነሱ ፓራፋንጎ የሚሉትን፣ እየፋቀ ይሄዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ኮይሎቨር ነው ብሎ ቆጥቦ ቆጥቦ ገዛ። ካርቶኑ ምግብ ጠረጴዛው ሥር ከረመ፤ ሲበሉ እግራቸው እየነካው። አንድ ማታ አንዱን አውጥቶ በሳህኖቹ መሀል አቆመላትና አስረዳት፤ ሞላውና መንቀጥቀጥ የሚውጠው አሞርዛተር አንድ ላይ ናቸው፣ ገላው እንደ ብሎን ጥርስ አለው፣ ይህን ቀለበት ስታሽከረክሪው መኪናው ከፍ ይላል፣ ወዲህ ስታሽከረክሪው ዝቅ ይላል፣ እንደተሸከመው ሰው ልክ ይስተካከላል። ግማሹ አልገባትም። ሲያስረዳ ፊቱ የሚሆነውን መሆን ስለወደደች ግን እንዲደግምላት ጠይቃው ነበር።

ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ «ዛሬ ወደ ጋራዡ አብሬህ ልሂድ» አለችው። ማሙሽ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ የሻይ ብርጭቆዋን አየች።

«እማዬ ምን ልታደርጊ? ቅባትና አቧራ እኮ ነው።»

«ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ያ ሁሉ ብር የገባበትን ነገር በዓይኔ ልየው።»

ሳቀና እሺ አለ። የፈለገችው ብቻውን ማግኘት ነው። መኪና ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ስለሚያይ፣ እርስ በርስ ስለማይተያይ፣ ነገሩን ለመጀመር ይቀላል ብላ ነበር። ከፊት አስቀመጣት። ወደ ዝቅተኛው ወንበር ስትወርድ ራሷን በእጁ ከልሎ አስገባት፤ ይህን ሁልጊዜም ያደርጋል፣ አይከፋም ልጇ። የመንገዱ ጠጠር ሁሉ በወንበሩ አልፎ አከርካሪዋ ውስጥ ይቆጠር ነበር፤ ከጎድኗ በታች ያለው ሕመም በየጉድጓዱ ነቃ ሲል ቦርሳዋን አጥብቃ ትይዛለች። ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ሲደርሱ ትንፋሿን ሰብስባ «ማሙሽ፣ ሰኞ…» ስትል ፊታቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጣ። እሱም መሪውን ወደ ጎን አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዱን ጎማ አስቀድሞ ሌላውን አስከትሎ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ሊያልፍ ሞከረ፤ የመኪናዋ ሆድ ግን ጉብታውን ይዞ ክርርር አለ።

«ይኼ የመጨረሻው ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ከዛሬ በኋላ ይህን ድምፅ አትሰሚውም። ምን ልትይ ነበር?»

«ሰኞ ዝናብ ይኖር ይሆን ልልህ ነው» አለች።

ጋራዡ በሁለት ሕንፃዎች መሀል የተጨናነቀ፣ ላዩ ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቦታ ነው። መካኒኩን ስሙን የሚጠራ የለም፣ ዝቅ በል ነው የሚሉት። አንዳንዱ መኪና ዝቅ ስለሚያደርግ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የጋራዡ የብረት በር አጭር ስለሆነ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ዝቅ በል! ዝቅ በይ!» እያለ ስለሚጮህ ነው ይላል። ራሱ ግን ቀጥ ያለ ረጅም ሰው ነው፤ ግንባሩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው፣ የበሩ ይመስላል። እናትየውን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ክርኑን ሰጣት፣ ከአንድ የተበተነ መኪና የወጣ ወንበርም ጎትቶ ግድግዳ አስደግፎ አስቀመጣት። «እናቴ፣ ከዚህ ሁሉ መኪና የሚመች ወንበር ይኼ ብቻ ነው፤ ችግሩ የትም አይሄድም» አላት።

ሥራው ተጀመረ። መኪናዋን በክሪክ አንስተው በአራት የብረት እግሮች ላይ አቆሟት፤ ጎማዎቹ ወጡ። ዝቅ በል ከሥሯ ገብቶ የቆዩትን ብሎኖች በዘይት አርሶ፣ በመዶሻ ለምኖ፣ የመጀመሪያውን ቁርጥ ሞላ አወጣና ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ። የተቆረጠው ጫፍ ዝጎ ተጣሟል።

«ማነው ይኼን ያረደው?» አለ።

«ሰፈራችን ያለ ልጅ ነው» አለ ማሙሽ አንገቱን ሰብሮ።

«መጋዝ የያዘ ሁሉ መካኒክ ቢሆን አናጢ ሁሉ ሐኪም ነበር።»

ማሙሽም ሳቀ። ከዚያ አዳዲሶቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ከላይ በሦስት የብሎን ዳዶ ተያዙ፣ ከታች በወፍራም ብሎን ታሰሩ። ማሙሽ የሥራ ልብሱን ለብሶ መፍቻ ያቀብላል፣ የተባለውን ይይዛል፣ ያልተባለውንም ይይዛል። እናቱ ሻይዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየች። እቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፣ ከእራት በኋላ ስልኩን ያያል፣ ይተኛል። እዚህ ግን ይቀልዳል፣ ይጠይቃል፣ እጁን ያጨማልቃል። ይህን ፊቱን ከእሷ በቀር ማን እንዳየው አሰበች፤ ከእሷ በኋላስ ማን ያየዋል። ሻይዋን መጠጣት አልቻለችም፤ አሁን አሁን ከሁለት ጉንጭ በላይ አይወርድላትም። የተረፈውን ሲሚንቶው ላይ ሰው ሳያይ አፈሰሰችው።

አራቱም ከተገጠሙ በኋላ ዋናው ነገር ማስተካከሉ መሆኑን ዝቅ በል ተናገረ። «ባዶዋን ማን ይነዳታል? በምትሸከመው ልክ ነው የምትለካው። ብቻህን ነው የምትነዳት ወይስ ሰው ትጭናለህ?»

«በሥራ ቀን ብቻዬን ነኝ። ሌላ ጊዜ ባለቤቴ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ።»

መካኒኩ ወደ እናትየው ዞረ። «ይቅርታ እናቴ፣ ለሥራው ነው። ስንት ኪሎ ነዎት?»

«ዘጠና አምስት» አለ ማሙሽ ቀድሞ። ጉልበቷን ያመማት ጊዜ እሱ ራሱ ሐኪም ቤት ይዟት ሄዶ ሚዛን ላይ ያያት ቁጥር ናት። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ላይ የወጣችው ትናንት ነው። እዚያ፣ በመፍቻና በዘይት መሀል፣ ሰው እየሰማ፣ የትናንቱን ቁጥር መጥራት አልሆነላትም።

ዝቅ በል የኋላውን ወንበር በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍኖ የሞቱ ባትሪዎችና አንድ የአሸዋ ጆንያ ጫነበት፣ ዘጠና አምስት ኪሎ እስኪሆን። ሞላው ቦታውን እንዲይዝ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፏት፣ ተጭነው ለቀቋት። ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ፣ ጎማውን አውጥቶ ቀለበቱን በመፍቻ አሽከረከረ፣ ጎማውን መለሰ፣ እንደገና ገፉ፣ እንደገና ለካ። በሁለቱም ጎን እኩል ሆኖ ጎማው ከቆርቆሮው በቂ ርቀት ሲያገኝ በኖራ ምልክት አደረገና ባትሪዎቹን አወረዱ። «አሁን ደግሞ የክብደቱ ባለቤት ይቀመጡ» አለ እየሳቀ።

ማሙሽ ደግፏት ገባች። መኪናዋን ገፏት፣ ተጭነው ለቀቋት፣ ዝቅ በል ተንበርክኮ ለካ። ሜትሩን አየ፣ የኖራውን ምልክት አየ፣ እንደገና ለካ። መኪናዋ እስከ ምልክቱ አልወረደችም። ቀለበቱ ተንሸራቶ ይሆናል ብሎ ጎማውን አስወጣ፤ ቀለበቱ እንደታሰረ ነው። ሞላው ተጣብቆ ይሆናል ብሎ ከሥር ገብቶ በእጁ ዳሰሰው፤ አልተጣበቀም። እሷን ይቅርታ ብሎ አስወርዶ ባትሪዎቹንና ጆንያውን መልሶ ጫነ፤ መኪናዋ ወርዳ ምልክቱ ላይ ልክ ቆመች። አውርዶ እሷን አስገባ፤ መኪናዋ ከፍ ብላ ቀረች። ያን ጊዜ ከተንበረከከበት ሳይነሳ አንገቱን ቀና አድርጎ በተከፈተው በር ፊቷን አየ።

ማሙሽ ግን ገባውና እልል ሊል ምንም አልቀረው። «እማዬ! ከስተሻል ማለት ነው! ሳትነግሪኝ ስፖርት ጀምረሽ ነው እንዴ?» ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ቅባት እንዳይነካት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። «ጥሩ ነው! በጣም ጥሩ ነው። ያ ሐኪም ለጉልበትሽ ቀንሺ ብሎሽ አልነበር?»

«ብሎኝ ነበር» አለች።

ዝቅ በል አልሳቀም። ከኪሱ አንድ ዳዶ አውጥቶ «እስኪ ማዕዘኑ ላይ ካለው መለዋወጫ ቤት የዚህን ዓይነት ፈልግልኝ፣ ሳይቸኩሉ መርጠው ይስጡህ» ብሎ ማሙሽን ላከው። የላከው ዳዶ እንደማያስፈልገው ለእናትየው ግልጽ ነበር። ልጁ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እስኪወጣ ጠበቀና በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እናቴ፣ መኪና አይዋሽም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐኪም አይቶዎታል?»

«አይቶኛል።»

«ልጅዎ ያውቃል?»

አያውቅም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከትናንት ጀምሮ ይዛው የዋለችው ነገር፣ እራት ላይ ያልወጣው፣ መንገድ ላይ ዝናብ የሆነው፣ ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው ያለ ምንም ችግር ወጣ። «ሰኞ ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ባሌም እንዲሁ ተብሎ ነው የሄደብኝ።»

መካኒኩ አይዞዎት አላለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል አላለም። ከእጁ ይልቅ የቆሸሸ ጨርቅ አንስቶ እጁን ለረጅም ጊዜ ጠረገ። ከዚያ ሊጠይቅ የሚችለውን አንዱን ነገር ጠየቀ። «ታዲያ ለየትኛው ልግጠመው? እሱ ለነገረኝ ነው ወይስ እዚህ ለተቀመጡት?»

አሰበችበት። ከጋራዡ ውጭ ሰው ይጮሃል፣ አንድ ሬዲዮ ያወራል። ከዘጠና አምስት ኪሎዋ ሴትዮ ጋር ብዙ ኖራለች፤ ከዚህችኛዋ ጋር የተዋወቀችው በቅርቡ ነው፣ ያውም እየቀለለች የምትሄድ ናት፣ ዛሬ ተለክቶላት ለወሩ አይሆንም።

«እሱ ለነገረህ ግጠመው» አለች። «እሱ የሚያውቃት ያቺን ነው።»

«እሺ፣ እናቴ።»

ማሙሽ ዳዶውን ይዞ ሲመለስ ዝቅ በል የመጨረሻዎቹን ብሎኖች እያጠበቀ ነበር። «ገና ልዩ ልዩ ሰው ትጭናለህ፣ ለከባድ ነው ያሰርኩልህ፣ አትነካካው» አለው። የእጁን ዋጋ ሲቀበልም እንደ ወትሮው አልተከራከረም፤ የተሰጠውን ሳያየው ኪሱ ከተተ፣ እናትየውንም ራሷን በመዳፉ ከልሎ በአጭሩ በር አሳለፋት። ዝቅ በይ አላላትም።

የጎማውን አቅጣጫ ሌላ ቦታ አስተካክለው ሲያበቁ ፀሐይ ወደ ሕንፃዎቹ ጀርባ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ማሙሽ ለሙከራ ብሎ ከኋላ አስቀመጣት። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆናለች፤ ጉድጓዱ ሲመጣ ትውጠዋለች እንጂ ወደ ሰው አታሳልፈውም። የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ሲደርሱ መሪውን ሳያጣምም ጉብታውን ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ሰማሽ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» መሪውን በመዳፉ መታው። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። «እማዬ፣ ጠዋት ማድቤት ያወራነውን… ሰምተሽ ነበር አይደል?»

«ምኑን?»

«ተይው።» ወደ ቤት በሚታጠፈው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቆች መብራት እያበሩ ነበር፤ አንዲት ሴት ያልተሸጡ ቲማቲሞቿን ከመሬት ትሰበስባለች። «ከኋላ ግን ትንሽ ከፍ ብላ ቀረች» አለ ማሙሽ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ጠንቅቆ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ምን እንደነካው እንጃ። ግድ የለም፣ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄጄ በአንቺ ልክ አስወርዳታለሁ።»

«ሰኞ አትችልም።»

«ለምን?»

«ሰኞ ከሥራ ታስፈቅዳለህ። ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።»

«ለጉልበትሽ?»

«ለጉልበቴ አይደለም።»

በመስታወቱ አያት። መስታወቱ ከዓይኗ በቀር አያሳይም። «ለምኑ ነው ታዲያ?» አለ፤ እሷም የሆዷን ሕመም፣ ለብቻዋ የተመላለሰችበትን፣ ትናንት ወጣቷ ሐኪም እስክሪብቶዋን እንዴት እንደከደነች፣ በዚያ በለሰለሰ መኪና ውስጥ ሳትቸኩል ነገረችው። «ሰው ይዘሽ ነይ ነው ያሉኝ» ብላ ጨረሰች። አባቱ ሲሄድ ማሙሽ ሕፃን አልነበረም፤ ይህች ቃል ከዚያ በኋላ እቤታቸው ውስጥ ምን ማለት እንደሆነች እሱም ያውቃል። መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ከኋላ የሚመጣው አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፍቶባቸው አለፈ።

ዞረ። ከጠዋት ጀምሮ አብራው ውላለች፣ ዓመታት አብራው ኖራለች፤ አሁን ግን እንደ እንግዳ አያት። ከሹራቡ አንገት ውስጥ የወጣውን አንገቷን አየ። ቦርሳው ላይ የተቀመጠውን የእጇን አንጓ አየ፤ ሰዓቷ ወደ ክርኗ ወጥቶ ነው የታሰረው።

«ዘጠና አምስት አይደለሽም» አለ።

«አይደለሁም።»

«ስንት ነሽ?»

ነገረችው። ፊቱን ወደ መሪው መለሰና ግንባሩን አስደገፈበት። ትከሻው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አለ።

«ጥሩ ነው አልኩሽ» አለ በመጨረሻ። «ከስተሻል፣ ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ፣ እማዬ። ሳምኩሽ እኮ።»

«አላወቅህ፣ ምን ታደርግ።»

«ሰው ፊት ሳቅሁ።»

«ደስ ብሎህ ነው። ደስ ብሎህ ሳይህ እኔም ደስ አለኝ። ተው በቃ።» ከኋላ ስለተቀመጠች እጇ የሚደርስለት ማጅራቱ ጋ ብቻ ነበር። እዚያው አሳረፈችው። በዘይትና በላብ የተጣበቀ ፀጉሩን በአውራ ጣቷ ስታሻሽ ቆየች፤ እንዲህ ካደረገችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር፣ እሱም ካደገ ወዲህ አያስነካም ነበር። ዛሬ ዝም አላት። «ለእሷ ማታ አንተው ትነግራታለህ» አለችው ስለ ሚስቱ። «እኔ ሁለት ጊዜ መንገር አልችልም። ነገ ግን እንሄዳለን። ጠርተውናል፣ ቤታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ግቢ ሲገቡ ማሙሽ ሞተሩን አጠፋ፣ ግን አልወረደም። እሷም ወርጄ ደረጃውን ልውጣ ብትል የሚያነሳት አቅም እንደሌለ ተሰማት፤ ቀኑ ረዝሞባታል። ተቀምጠው ቀሩ። የጎረቤት ልጆች ኳሳቸውን እያንከባለሉ መጥተው ከኋላ ከፍ ያለችውን መኪና አይተው ተወያይተው ሄዱ። የደረጃው መብራት በራ፤ ምራቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወረደች። ከላይ ሆና መኪናዋ ስትገባ አይታለች፣ ሳይወጡ ሲቆዩ ደግሞ እየጠበቋት መስሏታል፤ ፀጉሯን ታጥባ ሻሽ አስራበታለች፣ የመውጫ ቀሚስ ደርባለች። የፊቱን በር ከፍታ ገባችና ወንበሩ ላይ ከፍ ዝቅ እያለች ሞከረችው።

«ኧረ ቆያችሁ! እውነትም ለስላሳ ሆናለች» አለች። «በሉ እስቲ አሳዩኝ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ማሙሽ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ሚስቱ ፈገግታዋን ይዛ ወደ እሱ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ እሱ፤ ፈገግታዋ ሳይጠፋ ከንፈሯ ላይ ባለበት ደረቀ። እናትየው ከኋላ መለሰችላት።

«እንዲሁ ትንሽ ልንዞር ነው፣ ልጄ። በሩን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው።»